ከስብራት በኋላ ሕመሙ ሲብስ፦ የጠባብ እስር አደጋ

አጥንት ሲሰበር ማመሙ አይቀርም። ነገር ግን ቦታውን ይዞ፣ ሳይነቃነቅ የተደገፈ ስብራት ሰዓቱ በሄደ ቁጥር ሕመሙ እየቀለለ ነው የሚመጣው። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ማስታገሻ ወስዶም እንቅልፍ ከከለከለው፣ እስሩ ውስጥ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው። ያን ለማስተካከል ያለው ጊዜ ደግሞ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ «እስኪ እስከ ነገ እንየው» የሚባልበት አይደለም።

በአገራችን ሆስፒታሎች እጃቸው ወይም እግራቸው ከሚቆረጥባቸው ሰዎች መካከል ተራ በሚባል ስብራት የጀመሩ ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹም ሕፃናት ናቸው። ከዛፍ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ልጅ በ6 ሳምንት ድኖ ኳስ መጫወት ሲገባው፣ በሳምንቱ ጥቁር ጣቶች ይዞ ይመጣል። ይህን ጉዳት ያመጣው ስብራቱ ብቻውን አይደለም፤ አጥብቆ የታሰረው ቀርከሃና ጨርቅ ነው። አሠራሩን የተረዳ ቤተሰብ ሊያስቀረው የሚችል ጉዳት በመሆኑ ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳቱ ተገቢ ነው።

እስሩ ሥር ምን ይፈጠራል?

የክንድና የባት ጡንቻዎች በቡድን በቡድን የተከፈሉ ናቸው። እያንዳንዱ ቡድን ጠንካራና እምብዛም በማይለጠጥ ሽፋን ተጠቅልሏል፤ በግ ሲበለት በብልትና በብልት መካከል የሚታየውን ነጭ ስስ ሽፋን ማሰብ ይቻላል። ከጉልበት በታች እንዲህ ያሉ 4 ክፍሎች አሉ። በየክፍሉ ከጡንቻው ጋር የደም ሥሮችና ነርቮች ያልፋሉ።

አጥንት ሲሰበር መቅኔው ይደማል፤ በዙሪያው ያለው ሥጋም ያብጣል። እብጠቱ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት እየጨመረ ይሄዳል። ሽፋኑ ስለማይለጠጥ ውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል። ይህ እንግዲህ ማንም ሳያስረው ነው። በላዩ ላይ ዙሪያውን በቀርከሃ ሲታጠር ወይም ሙሉ ጀሶ ሲደረግበት ደግሞ እብጠቱ ወደ ውጭ የሚሄድበት መንገድ ይዘጋና ግፊቱ ሁሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ኮምፓርትመንት ሲንድረም ይሉታል።

በጤነኛ ጡንቻ ውስጥ ያለው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም። የአንድ ሰው የደም ግፊት 120 በ70 ነው እንበል። በጡንቻው ውስጥ ያለው ግፊት ወደ 45 ከወጣ፣ ከታችኛው ቁጥር ማለትም ከ70 ጋር ያለው ልዩነት 25 ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ ከ30 ሲያንስ በጣም ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ደም ማሳለፍ ያቅታቸዋል፤ ጡንቻውና ነርቩም ኦክስጅን ያጣሉ። ትልቁ የደም ሥር ግን የላይኛውን 120 ይዞ ስለሚመታ መምታቱን አያቆምም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የእጁ ወይም የእግሩ ትርታ ስለሚሰማ፣ ጣቱም ገና ሞቅ ያለ ስለሆነ «ደም አለው፣ ደህና ነው» ይባላል። ትርታው የጠፋ ዕለት ግን ከውስጥ ያለው ጡንቻ አብዛኛውን ጊዜ ሞቷል።

ጡንቻ ደም አጥቶ እስከ 4 ሰዓት ያህል ቢቆይ ሊያገግም ይችላል። ከ6 ሰዓት በኋላ የሚሞተው ክፍል እየሰፋ ይሄዳል፤ 8 ሰዓት ካለፈ የሞተው አይመለስም። ሞቶ የቀረው ጡንቻ ወደ ጠባሳ ተለውጦ ያጥራል፤ ጣቶችን ወደ ውስጥ ስቦም እጁን እንደ ጥፍር አቆልምሞ ያስቀረዋል። ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን ይህን ጉዳት ከጠባብ እስር ጋር አያይዞ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ስለዚህ ጠባብ እስር እጅ እንደሚያሽመደምድ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ቤት ውስጥ የሚታዩ ምልክቶች

ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ከጉዳቱ መጠን ጋር የማይመጣጠን ሕመም ነው። ሰውየው የሚያመውን ቦታ ሲጠየቅ የተሰበረውን ነጥብ ብቻ ሳይሆን ክንዱን ወይም ባቱን በሙሉ ያሳያል፤ «ሊፈነዳ ነው» ይላል። ሁለተኛው በጣት የሚደረገው ፈተና ነው፤ ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል። የታመመውን ሰው ጣቶች በእጃችሁ ይዛችሁ በቀስታ ቀጥ አድርጉ፤ እግር ከሆነ አውራ ጣቱን ወደ ላይም ወደ ታችም አንቀሳቅሱ። ራቅ ብሎ ያለው ክንድ ወይም ባት በዚህ ትንሽ እንቅስቃሴ ክፉኛ ካመመ ምልክቱ ከባድ ነው። ሰውየው ራሱ ጣቱን ማንቀሳቀስ መቻሉ ብቻ በቂ መተማመኛ አይሆንም።

ቀጥሎ ጣቶች ላይ የመደንዘዝና የመውረር ስሜት ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚታዩት መገርጣት፣ መቀዝቀዝና አለመንቀሳቀስ ናቸው፤ እነዚህን መጠበቅ ማለት እጁን ወይም እግሩን መተው ማለት ነው። ሕመሙ በድንገት ጠፍቶ መደንዘዝ ብቻ ከቀረም «ተሻለው» አይባልም፤ ነርቩ ሥራ ማቆሙን ሊያመለክት ይችላል።

ትናንሽ ልጆች ይህን ሁሉ በቃል አይነግሩንም። እነሱ ላይ የሚታየው ሲያባብሉት የማይቆም ለቅሶ፣ መቁነጥነጥ፣ መፍራትና ማስታገሻ ቶሎ ቶሎ መፈለግ ነው። ጠዋት ታስሮ ማታ ሲያለቅስ የሚያድር ልጅ «እንግዲህ ስብራት ነው፣ ያማል» ተብሎ ሊተው አይገባም።

ወዲያውኑ የሚደረገው

ከላይ ያለው ከታየ እስሩ ይከፈት። ሐኪሙን ወይም ወጌሻውን ፈቃድ ለመጠየቅ መጠበቅ አያስፈልግም። በቀርከሃና በጨርቅ የታሰረ ከሆነ ጨርቁን በመቀስ ከላይ እስከ ታች ቆርጦ እስከ ቆዳ ድረስ ማላቀቅ ነው። ከሥር የተደረገው ጥጥም ይቆረጥ፤ በደም ተነክሮ የደረቀ ጥጥ ራሱ እንደ ገመድ አጥብቆ ይይዛል። ጀሶ ከሆነ በቅርብ ያለ ጤና ተቋም ሄዶ በሁለት በኩል በርዝመቱ ማሰንጠቅ ያስፈልጋል፤ እዚያም ጀሶው ተሰንጥቆ ከሥሩ ያለው ጥጥ ሳይቆረጥ እንዳይቀር ጠይቁ። አጥንቱ ቦታውን ይለቃል ብላችሁ አትስጉ። ቦታውን የለቀቀ አጥንት በሌላ ቀን ይስተካከላል፤ የሞተ ጡንቻ ግን መድኃኒት የለውም።

ከተፈታ በኋላ እጁ ወይም እግሩ በልብ ትይዩ ይቀመጥ። ለተራ እብጠት ከፍ ማድረግ ጥሩ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ግን ወደ ላይ ማንሳት እዚያ የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል። በረዶ አይደረግበት፣ አይታሽ፣ በሙቅ ውኃ አይዘፈዘፍ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ በግልጽ ካልቀለለ ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ሆስፒታል መሄድ ነው። ምግብ ባይሰጠው ይመረጣል፤ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ሆድ ከከባድ ምግብ ለ6 ሰዓት ያህል ባዶ መሆን አለበት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

እጁ ወይም እግሩ ለረጅም ሰዓታት ታስሮ ከቆየ ግን ቤት ውስጥ ፈትቶ መቅረት ሌላ አደጋ አለው። ከሞተው ጡንቻ የሚለቀቀው ፖታሲየም ልብን ሊያውክ፣ ማዮግሎቢን የተባለው ፕሮቲን ደግሞ ኩላሊትን ሊዘጋ ይችላል። ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ ይህ ጀምሯል ማለት ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት ይጠይቃል።

ሆስፒታል የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ሲታይ ያስደነግጣል፣ ዓላማው ግን ግልጽ ነው። ለእግር አብዛኛውን ጊዜ በባቱ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ቀዳዳዎች ይከፈቱና አራቱም ሽፋኖች በርዝመታቸው ይሰነጠቃሉ። ጡንቻው ወዲያው ወደ ውጭ ያብጣል፤ ደም ሲያገኝም ቀለሙ ይመለሳል። ቁስሉ በዚያው ዕለት አይሰፋም። ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ እንደገና ታይቶ የሞተው ይወገዳል፤ እብጠቱ ሲቀንስ ይሰፋል፣ ካልገጠመም ከጭን በተወሰደ ስስ ቆዳ ይሸፈናል። ቤተሰብ ክፍቱን ቁስል አይቶ «ትተውት ሄዱ» ብሎ እንዳይደናገጥ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ወጌሻና ሆስፒታል

ሰው ወደ ወጌሻ የሚሄደው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ዋጋው ይቀላል፣ በቋንቋችን ያናግረናል፤ በልምድ ብዙ ወለምታና ቀላል ስብራት አድኗል። ሌላም ምክንያት አለ፦ «ሆስፒታል ከሄድክ ይቆርጡሃል» የሚለው ፍርሃት። ይህ ፍርሃት ራሱን እየመገበ ነው የሚኖረው። ሰው ጣቱ ከጠቆረ በኋላ ሆስፒታል ይደርሳል፤ ሆስፒታሉ ከመቁረጥ ሌላ ምርጫ ያጣል፤ የሰፈሩ ሰው ሆስፒታል መቁረጡን ብቻ ያያል፤ ቀጣዩ የተሰበረ ሰውም ደግሞ ይዘገያል።

ሆኖም በአገራችን አንድ የገጠር ሆስፒታል አካባቢ ለወጌሻዎች የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጥቶ፣ በእስር ምክንያት በጋንግሪን ተይዞ፣ ማለትም ደም አጥቶ ሥጋው ሞቶ የሚመጣ እጅና እግር ቁጥሩ መቀነሱ በሕክምና ጥናት ተመዝግቧል። ወጌሻን ማንቋሸሽ ማንንም አያድንም፤ አስተሳሰሩን መለወጥ ግን ያድናል። እናም ወጌሻ ዘንድ የሄደ ቤተሰብ የሚከተሉትን በትሕትና ግን አጥብቆ ይጠይቅ።

ቀርከሃው ዙሪያውን አይክበብ፤ በሁለት በኩል ብቻ ሆኖ ከሥሩ በቂ ጥጥ ወይም ለስላሳ ጨርቅ ይኑረው። ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት ያለችግር ይግባ። በቀጭን ሲባጎ ፈንታ ሰፋ ያለ ጨርቅ ይሁን። የጣቶቹ ጫፍ በሙሉ ከውጭ ይታይ። በዕለቱ ማታና በማግሥቱ ጠዋት እንደገና ታይቶ ይላላ፤ ዛሬ ልክ የሆነው እስር ነገ ባበጠው እጅ ላይ ጠባብ ነውና። ወጌሻው «ለሳምንት እንዳትነኩት» ካለ ይህን ምክር አትቀበሉ።

ማሸትስ? የተሰበረ አጥንት ዙሪያ በቅቤም ሆነ በቅባት ማሸት ደም መፍሰሱንና እብጠቱን ይጨምራል። በተለይ ክርን ላይ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ የታሸው ጡንቻ ውስጥ አዲስ አጥንት በቅሎ ክርኑ እንዳይታጠፍና እንዳይዘረጋ ያደርገዋል። ክርን ጨርሶ አይታሽ።

ወጌሻ ዘንድ ጭራሽ መሄድ የሌለባቸው አሉ። ቁስል ያለበት ወይም አጥንቱ የወጣ ስብራት፣ የጭን አጥንት ስብራት፣ ጣቱ የደነዘዘ ወይም የቀዘቀዘ ሰው፣ እንዲሁም በእጁ ወድቆ ክርኑ ያበጠ ልጅ። የመጨረሻውን ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። ከክርን ከፍ ብሎ የሚሰበረው የሕፃናት ስብራት የተሳለ የአጥንት ጫፉን ወደ ዋናው የክንድ ደም ሥር ይገፋል። ፎልክማን ለገለጸው ጉዳት ከሚዳርጉ ስብራቶች ዋነኛው እርሱ ነው። አጥንቱ ቦታውን ከለቀቀ ሆስፒታል ልጁን አደንዝዞ ቦታው ይመልሰውና በሁለት ወይም በሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይይዘዋል፤ ሽቦዎቹ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይተው ያለ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይነቀላሉ።

ከመንገድ እስከ ሆስፒታል

ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓትና እጅ ላይ የታሰረ ክር ወዲያውኑ ይውለቅ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እምቢ ይላል። መደገፊያው ካርቶን፣ ጣውላ ወይም የተጠቀለለ ጋዜጣ ሊሆን ይችላል። ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን ሁለቱን መጋጠሚያዎች መያዝ አለበት፤ ክንድ ከተሰበረ ክርንና አንጓ ማለት ነው። ማሰሪያው ስብራቱ ላይ ሳይሆን ከላዩና ከታቹ ይሁን። እጅን በነጠላ አንገት ላይ ማንጠልጠል ጥሩ ነው። ከታሰረ በኋላ የጣቱን ጥፍር ተጫኑና ልቀቁ፤ ሮዝ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ገደማ ካልተመለሰ አላሉት። ቢመለስም ግን ከላይ እንዳልነው ሕመሙን መከታተል አይቆምም።

አጥንት ወጥቶ ከታየ ወደ ውስጥ አትመልሱት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ቡና፣ አፈር፣ ቅጠል፣ ፋንድያ አይነካው። እንዲህ ያለ ስብራት አንቲባዮቲክ በተቻለ መጠን በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ውስጥ ይፈልጋል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም እንዲሁ። ሆስፒታል ውስጥ በብዙ ሊትር ንጹሕ ፈሳሽ ይታጠባል፤ የቆሸሸና የሞተ ሥጋ ይወገዳል። አጥንት ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ለዓመታት መግል እያፈሰሰ የሚኖር በመሆኑ የዚህ እጥበት ጥቅም ከየትኛውም ብረት ይበልጣል።

የጭን አጥንት ሲሰበር ጭኑ ውስጥ ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ደም ሊፈስ ይችላል፤ ከውጭ አንድ ጠብታ ሳይታይ። የገረጣ፣ የሚያልበውና ልቡ በፍጥነት የሚመታ ሰው በጀርባው ተኝቶ በፍጥነት መሄድ አለበት እንጂ ተደግፎ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

ጀሶና ብረት

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠንቃቃ ሐኪም ብዙውን ጊዜ ሙሉ ጀሶ ዙሪያውን አይጠቀልልም፤ በአንድ በኩል ግማሽ ጀሶ አድርጎ በፋሻ ይይዘዋል፤ እብጠቱ ሲወርድ ሙሉ ያደርገዋል። ጀሶ ሲደርቅ ስለሚሞቅ በሙቅ ውኃ ከተነከረ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል፤ ውኃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ እስከ 3 ቀን ይፈጃል፤ እስከዚያ ጠንካራ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ይሰረጉድና ከሥሩ ቆዳ ያቆስላል። ሲያሳክክ በእስክሪብቶ ወይም በእንጨት ውስጡን ማከክ ብዙ ሰው ላይ ቁስል አምጥቷል። ከጀሶው የሚወጣ መጥፎ ሽታ ወይም አንድ ነጥብ ላይ የሚያቃጥል ሕመም ካለ መከፈት አለበት።

በጀሶ የማይያዝ ስብራት በብረት ይያዛል። ሳህን መሳይ ብረት በብሎን አጥንቱ ላይ ይታሰራል፤ ወይም ረጅም ዘንግ በአጥንቱ መሐል በመቅኔው ቦታ ይገባል። ዘንጉን እ.ኤ.አ. በ1939 የጀመረው ጀርመናዊው ጌርሃርድ ኩንቸር ነው። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሉዊስ ዘርክል በ1999 ያቋቋመው ሳይን የተባለ ድርጅት ደግሞ፣ በቀዶ ሕክምናው ወቅት የሚያገለግል የራጅ ማሽን በሌለበት ክፍል እንኳ ሊገባ የሚችል ዘንግ አዘጋጅቶ ለታዳጊ አገሮች ሆስፒታሎች ያድላል፤ በኢትዮጵያም ይሠራበታል። ጥቅሙ በወር የሚቆጠር ነው፦ ጭኑ የተሰበረ አዋቂ ሰው ያለ ዘንግ እግሩ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎበት ከ6 እስከ 12 ሳምንት አልጋ ላይ ይተኛል፤ ዘንግ የገባለት ግን በቀናት ውስጥ በክራንች ይነሳል። ብረቱ ካላስቸገረ ዕድሜ ልክ ሊቀመጥ ይችላል።

ማስታገሻን በተመለከተ፣ ሕመምን መቻል አጥንት አያድንም። ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳይበልጥ፣ በሰዓቱ ሲወሰድ ሕመም ሲጠና ብቻ ከመዋጥ የተሻለ ይሠራል። ቀድሞ ይበቃ የነበረው መጠን በድንገት አልበቃ ካለ ግን ሌላ ክኒን ከመጨመር በፊት እስሩ ይታይ።

አጥንት ለመጠገን የራሱ ጊዜ አለው። የልጅ ክንድ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ የአዋቂ አንጓ ወደ 6 ሳምንት፣ የቅልጥምና የጭን አጥንት 3 ወርና ከዚያ በላይ። ሲጋራ ይህን ያዘገየዋል። እንቁላል፣ ወተትና ሽሮ ያግዛሉ፤ የማርና የእንቁላል ቅባት ከውጭ መቀባት ግን ወደ አጥንቱ አይደርስም።

ዘግይቶ ለደረሰ

ጡንቻው ከሞተ ቀን ካለፈው ሽፋኑን መሰንጠቅ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ከማስገባት ሌላ ጥቅም የለውም። ጋንግሪን ከሆነና ኢንፌክሽን ከሌለው፣ ሐኪሞች የሞተውና ያልሞተው የሚለይበት መስመር እስኪጠራ ይጠብቁና ሊተርፍ የሚችለውን ያተርፋሉ። ጉልበትን ማትረፍ ትልቅ ነገር ነው፤ ጉልበቱ ያለው ሰው በሰው ሠራሽ እግር ሲራመድ የሚያወጣው ኃይል ከጭኑ ከተቆረጠው በእጅጉ ያንሳል።

ከተቆረጠ በኋላ የሌለውን እግር ጣት ማመም ወይም ማሳከክ የአእምሮ መታወክ አይደለም፤ ነርቮቹና አንጎል አሁንም መልእክት ስለሚለዋወጡ የሚመጣ እውነተኛ ሕመም ነው። ለእርሱ የሚሆን መድኃኒት ስላለ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ቀሪው ክፍል በፋሻ ሲጠቀለል ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ላላ ይበል። ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ሲተኛ ከጉልበቱ ሥር ትራስ አይደረግለት፤ ለጊዜው ይመቸዋል፣ ግን ጉልበቱ ታጥፎ ከደረቀ ሰው ሠራሹን እግር አድርጎ ቀጥ ብሎ መቆም ያቅተዋል።